የኪራይ መኝታ ክፍልን እንዴት እናብራው?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ከሆነ፣ ቤትዎን ሳላየው ልገምት። ወርዱ ሦስት ሜትር፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። መስኮቱ አንድ ነው፤ ፊት ለፊቱ የግቢው አጥር ወይም የአከራይዎ ቤት ጀርባ ቆሟል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ቡናማ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ከዚያ በላይ ያለው ድሮ ክሬም ነበር፤ አሁን ምን እንደሚባል የሚያውቅ የለም። እኩለ ቀን ላይ እንኳ መብራት ካላበሩ ጥቁሩን ካልሲ ከሰማያዊው አይለዩም።

እንዲህ ያለውን ክፍል ማብራት ይቻላል። የሚጠይቀው ሁለት ቅዳሜና እሁድ፣ ሦስት ጋሎን ቀለምና ጥቂት ሜትር ጨርቅ ነው። ተከራይ ግን ባለቤት የማያውቀው አንድ ስጋት አለበት፦ ቤቱን አሳምሮ ለሌላ ሰው ትቶ መውጣት። ስለዚህ ምንም ከማያስወጣው እንጀምር።

ለአንድ ቀን ክፍሉን ዝም ብለው ይመልከቱት። ጠዋት፣ ቀትር ላይና ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ይዩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ አናት ላይ የቆመች ትመስላለች። ዓመቱን ሙሉ ግን እዚያው አትቆምም። በበጋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ። ከግንቦት እስከ ሐምሌ በትንሹ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በበጋ ፀሐይ ያስገባል። ወደ ሰሜን የሚያየውን ፀሐይ የምትጎበኘው ክረምት ሲገባ ነው፤ ያኔ ደግሞ ደመናው ይቀድማታል። ምሥራቁ የጠዋቷን፣ ምዕራቡ የከሰዓቷን ያገኛል።

ይህን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? ቀለም ሲመርጡ ስለሚጠቅም ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት ክፍል የሚያገኘው ብርሃን ቀዝቃዛ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ይጎትታል። ፍጹም ነጭ ቀለም እዚያ ውስጥ አመድ ይመስላል። ሱቅ ውስጥ ያማረው ቀለም ቤት ሲደርስ የሚያስከፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን መስኮቱን ያጽዱ። ውስጡን ብቻ ሳይሆን ውጩንም። የበጋ አቧራ መስታወቱ ላይ ሲጋገር ስስ መጋረጃ እንደ መጨመር ነው። በሳሙና አጥበው በጋዜጣ ይወልውሉት። ቁም ሳጥኑ መስኮቱን በአንድ ጎን እየጋረደ ከሆነ ያንሱት፤ ተመራጭ ቦታው መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ጥግ ነው፤ እዚያ ማንም ብርሃን አይጠብቅም። መስታወት (መልክ ማያውን ማለቴ ነው) ካለዎት ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ፣ ወደ መስኮቱ ቀረብ አድርገው ይስቀሉት። ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለ የሚያሳየው ጨለማውን ነው።

መስኮቱ ከግንብ ጋር ቢፋጠጥስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ በጣም ርካሹ ይህ ስለሆነ።

በአንድ ወቅት የምኖርበት ክፍል መስኮት ከአጥሩ የሚለየው አንድ ሜትር የማይሞላ መተላለፊያ ነበር። አጥሩ ያልተለሰነ ብሎኬት ነው፤ ከክረምቱ ብዛት አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ክፍሉን ከውስጥ ደጋግሜ ቀባሁት፤ ለውጡ ያን ያህል አልነበረም። አንድ እሁድ አጥሩን በብረት ብሩሽ ፈገፈግኩና ኖራ ቀባሁት። ኖራ ሲቀቡት ተስፋ ያስቆርጣል፤ እርጥቡ ውሃ የነካው ግንብ እንጂ የተቀባ አይመስልም። የሚነጣው ሲደርቅ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ስነቃ መብራት አብርቼ ያደርኩ መሰለኝ። ከሰማይ የሚወርደው ብርሃን ነጩ ግንብ ላይ አርፎ ወደ እኔ መስኮት ይመለስ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ነጭ ቀለም ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶውንና ከዚያ በላይ መልሶ ይረጫል። ጥቁር ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ግን 10 በመቶ ያህሉን ብቻ መልሶ ሌላውን ይውጠዋል። ለመስኮትዎ ያ አጥር ሰማዩ ነው ማለት ይቻላል። አከራይም አጥር ነጭ ይሁን ሲባል እምቢ አይልም። ኖራ ሲበጠብጡ ዓይንዎንና እጅዎን ይጠብቁ፤ ያቃጥላል። ግንቡን አስቀድመው በውሃ ያርጥቡት፤ ስስ አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቡት። ኖራው ውስጥ ጨው ጣል የሚያደርጉ አሉ፤ እንዲይዝ ይረዳል።

ወደ ውስጥ እንግባ። ውስጡን ለመቀባት ፈቃድ ያስፈልጋል። አከራዮች የሚፈሩት ቀለም መቀባቱን ሳይሆን የሚቀባውን የቀለም ዓይነት ነው። እኔ ስጠይቅ እንዲህ ነበር የሆነው፦

«እትዬ፣ ክፍሉን ላድሰው አስቤ ነበር።»

«የምን ቀለም ልትቀባው?»

«ነጭ፤ ትንሽ ወደ ክሬም የሚያደላ።»

«ኧረ ነጭ ከሆነማ! ያለፈው ልጅ ቀይ አድርጎብኝ ነው የሄደው።»

ፈቃዱን በቃል ከማስቀረት በወረቀት ማስፈር ይሻላል፦ ምን ቀለም፣ ማን እንደሚከፍል፣ ሲወጡ እንዳለ ይቀራል ወይስ ይመለሳል። ከፊሉ ከኪራይ ይታሰብልኝ ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ቢበዛ እምቢ ይባላሉ።

ውል ካነሳን፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለዚህ ጉዳይ ጠቃሚ ነው። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ይህ ስሌቱን ይቀይረዋል። ቀለሙ፣ ብሩሹና ሌላው ዕቃ ተደምረው ለምሳሌ 6,000 ብር መጡ እንበል። ለ24 ወር ሲካፈል በወር 250 ብር ነው። ስድስት ወር ብቻ እንደሚቆዩ ካወቁ ግን በወር 1,000 ብር ይሆናል፤ ያኔ ቀለሙን ትተው ወደ ጨርቁ ይለፉ።

ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ግድግዳውን በመዳፍዎ ያሹት። ነጭ ዱቄት እጅዎ ላይ ከቀረ ከሥር ያለው ኖራ ወይም ያረጀ ርካሽ ቀለም ነው። በላዩ ቢቀቡበት አዲሱ ቀለም የሚይዘው ግድግዳውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከአልጋ ራስጌ በኩል ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲነሳ ነው። የሚነሳውን ሁሉ በመፋቂያ ፍቀው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ሲደርቅ ፕራይመር ይቀቡ። ፕራይመር ማለት ግድግዳውንና ቀለሙን የሚያጣብቅ የመጀመሪያ ቅብ ነው።

እስከ ወገብ ያለው የዘይት ቀለም ሌላ ፈተና ነው። የሚያብረቀርቅና ውሃ የማይመጥ ከሆነ የዘይት ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም በቀጥታ ከቀቡበት ይላጣል። በብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ይሹት፤ ከዚያም አጥበው ፕራይመር ይቀቡ። አሮጌ የዘይት ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉት፤ እያረጠቡ ይሹ፤ ልጆችን ያርቁ፤ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስበው ይጣሉ።

ሻጋታ ካለስ? ቀለም ሻጋታን አይገድልም፤ ለጥቂት ሳምንት ይሸፍነዋል እንጂ። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ፤ ከጣሪያ ከሆነ ለአከራይዎ ይንገሩ፤ ይህ የእርስዎ ወጪ መሆን የለበትም። ከዚያ ሻጋታውን በውሃ በቀጠነ በረኪና ጠርገው ያድርቁት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል። ቀዳዳና ስንጥቁን በስቱኮ ይድፈኑ፤ ስቱኮ ከውሃ ጋር የሚለወስ መሙያ ዱቄት ነው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት።

አሁን ኮርኒሱ። ገንዘብዎ ለአንድ ጋሎን ብቻ ከበቃ ግድግዳውን ትተው ኮርኒሱን ፍጹም ነጭ ይቀቡት። ከመስኮት የገባ ብርሃን ወለሉን ነክቶ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ከላይ ጠቆር ያለ ቺፑድ ካጋጠመው እዚያው ይቀራል። ማታም አምፖሉ የተሰቀለው እዚያ ነው። ኮርኒስን ልጅ አይነካው፣ የአልጋ ራስጌ አያሻሸው፤ አንዴ ከነጣ ዓመታት ይቆያል። በጭቃ ቤቶች እንደሚታየው የአቡጀዲ ኮርኒስ ከሆነ ግን ባይቀቡት ይሻላል፤ አውርደው ያጥቡት ወይም በአዲስ አቡጀዲ ይተኩት።

ለግድግዳው ምን ዓይነት ነጭ? መስኮትዎ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ ከሆነ ፍጹም ነጩ ያምርብዎታል። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ግንብ ከሆነ የዝሆን ጥርስ የሚሉትን፣ ጥቂት ቢጫ የገባበትን ነጭ ይውሰዱ። ቀለም ሻጮች ነጩ ላይ ማቅለሚያ ጠብ እያደረጉ ይበጠብጡልዎታል። ጠብታው ከሚያስቡት ያነሰ ይሁን። ጣሳ ውስጥ ስስ ክሬም የመሰለው አራት ግድግዳ ሲሞላ ቅቤ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልግዎትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስበጥብጡ፤ ሲጎድል ተመልሰው የሚያስበጠብጡት ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። የማያብረቀርቀውን፣ ግን የሚታጠበውን ይጠይቁ። የሚያብረቀርቅ ቀለም የግድግዳውን ጉብታ ሁሉ ቆጥሮ ያሳያል።

ነጭ አይቆሽሽም ወይ? ይቆሽሻል። በተለይ ማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያና አልጋው አጠገብ። ቡናማውም ይቆሽሽ ነበር፤ አይታይም እንጂ። አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት፤ ለቀለሙም ለእርጥበቱም ይበጃል።

ስንት ያስፈልገኛል ለሚለው ሜትር ይያዙ። የአራቱን ግድግዳ ርዝመት ይደምሩ፦ 3 ሲደመር 3 ሲደመር 3.5 ሲደመር 3.5፣ 13 ሜትር። በከፍታው፣ በ2.6 ያባዙት፤ ወደ 34 ካሬ ሜትር ይመጣል። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 30 ከምናምን ካሬ ይቀራል። ሁለት እጅ ስለሚቀባ 61 ያህል ካሬ ይሆናል። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፤ ሻካራና ውሃ የሚመጥ ግድግዳ ላይ ወደ 8 ይወርዳል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሊትር ያስፈልግዎታል። ጋሎን የሚባለው ወደ 4 ሊትር የተጠጋ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ሁለት ጋሎን ለግድግዳ፣ አንድ ለኮርኒስ።

የጋሎን ዋጋ ከሰፈር ሰፈር፣ ከወር ወር ስለሚለያይ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ይጠይቁ። በጣም ርካሹን አይቸኩሉበት፤ ውሃ የበዛበት ቀለም ሁለት እጅ የሚበቃውን አራት እጅ ያደርግና ትርፍዎን ይበላዋል። ከቀለሙ ሌላ ስቱኮ፣ ፕራይመር፣ ሮለር፣ ለጥግ ጥጉ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀትና የወረቀት ፕላስተር ይጨምሩ። ሮለርና ብሩሽ ከጎረቤት ይዋሳል። ቀለም ቀቢ ከያዙ ዋጋው በካሬ ነው ወይስ በቁርጥ፣ ስቱኮውንስ ይጨምራል ወይ ብለው አስቀድመው ይነጋገሩ። ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ ስቱኮው ላይ ነው።

አቀባቡ ከላይ ወደ ታች ነው፦ ኮርኒስ፣ ከዚያ ግድግዳ። የመጀመሪያውን እጅ ቆርቆሮው በሚለው መጠን በውሃ ያቅጥኑት። ሁለተኛውን ከአራት አምስት ሰዓት በኋላ ይቀቡ፤ ክረምት ከሆነ ግን ይደር። መስኮቱን ከፍተው ይሥሩ፤ ሌሊቱንም ቢቻል ዘመድ ቤት ይደሩ።

አከራይዎ ጨርሶ እምቢ ካሉ ወይም ቆይታዎ አጭር ከሆነ ጨርቅ ብቻውን ብዙ ይሠራል። ሲወጡም አጥፈው ይዘውት ይሄዳሉ። ወፍራሙን ባለአበባ መጋረጃ ያውርዱ። በምትኩ አሮጌ ነጠላ ካለዎት እሱን ይስቀሉት። ነጠላ ሁለት ድርብ ሆኖ የሚሸመን ስስ ጥጥ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ የመንገደኛን ዓይን ግን ይከለክላል። ማታ መብራት ሲበራ ከውጭ እንደሚያሳይ አይርሱ፤ ለዚያ ከጀርባው ወፈር ያለ ነጭ አቡጀዲ ይጨምሩ። የመጋረጃው ዘንግ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም አንድ ስንዝር ይርዘም። ሲከፍቱት ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይሰበሰባል፤ መስታወቱ ሙሉ ለሙሉ ነጻ ይሆናል። የጨርቁ ስፋት የመስኮቱን እጥፍ ይሁን፤ ለ1.2 ሜትር መስኮት 2.4 ሜትር።

አልጋው ላይ ያለውንስ? የብዙዎቻችን ክፍል ገዥ ያ ነብር ወይም ትልቅ ቀይ ጽጌረዳ የታተመበት ብርድ ልብስ ነው። ይሞቃል፤ አይጣል። ቀን ቀን ግን ጋቢ ያልብሱት። ወለሉ ጠቆር ያለ ሊሾ ከሆነ ሰሌን ያንጥፉበት፤ ቀላል ነው፣ ተጠቅልሎ ይሄዳል፣ የገለባ መልኩም ከነጩ ጋር ይስማማል።

እዚህ ላይ ሁሉም ነጭ ሆኖ ክሊኒክ እንዳይመስል አንድ ቀለም ይጨምሩ፤ አንድ ብቻ። እኔ የምመርጠው ከነጠላው ጥለት መውሰድ ነው። ጥለቱ ሰማያዊ ከሆነ የትራስ ጨርቁ ሰማያዊ ይሁን፤ ግድግዳው ላይ ያንን ቀለም የያዘ ሰፌድ ይሰቀል፤ በቃ። አዲስ ነጠላ መግዛት ካሰቡ ወደ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ገበያ ወጣ ብለው ጥለቱን በቀን ብርሃን ይምረጡ።

የቀረው አምፖሉ ነው። ካርቶኑ ላይ በኬልቪን የተጻፈ ቁጥር ያገኛሉ፤ ኬልቪን የብርሃኑን መልክ የሚነግር መለኪያ ነው። 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ነጭ ነው፤ ለሱቅና ለማድ ቤት ይሆናል። 3000 የሚለው ሞቅ ያለ፣ የድሮውን አምፖል የሚመስል ቢጫ ነው። ለመኝታ ክፍል ሁለተኛውን ይያዙ። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የቀድሞውን ባለ 60 ዋት ያህል ያበራል፤ ለቆጣሪውም ይራራል። የዝሆን ጥርሱ ግድግዳ በ6500 አምፖል ሥር የታመመ ሰው ፊት ይመስላል፤ ስለዚህ ቀለሙን ከመውቀስዎ በፊት አምፖሉን ይቀይሩ።

ከሦስቱ ጋሎን የተረፈውን አይድፉት። የግድግዳውን በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ የተቀባበትን ወር ጽፈው ከአልጋው ሥር ያኑሩት። ማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ሲጠቁር በትንሽ ብሩሽ ይነካካሉ። የሚወጡ ቀን ደግሞ የሚስማሩን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍነው በዚያው ይቀቡታል፤ ዘንጉን፣ ነጠላውን፣ ሰሌኑንና አምፖሉን ይዘው ይሄዳሉ፤ ጠርሙሱን ለአከራይዎ ይተዉላቸዋል።